ሳልረከብ ተረከብኩ ያልኩት ዱቄት

«እማ፣ ይሄ ሲስተም የሚሉት ሰውዬ ይጾማል እንዴ?»

እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ ልጄ ሰሚራ ናት፤ በረመዳን፣ ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለች። ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ? ያን ሰሞን በቤታችን ከእሱ ሌላ የሚነሳ ስም አልነበረም። ሲስተም እምቢ አለ። ሲስተም ዘጋ። ሲስተም ነገ ይላል። ሁሉን የሚያዝ፣ ማንም የማይደርስበት ነገር ከሆነ፣ አንድ ትልቅ ሰውዬ ነው ብትል ምን ያስፈርድባታል?

ሳቅኩ። እውነት ግን፣ ምን ብዬ ልመልስላት? አይርበው፣ አይጠማው። አያፍር። የራቡንና የጥሙንስ ተዉት። እኔን ያቃጠለኝ አለማፈሩ ነው።

እኔ እንግዲህ ሀርጌሳ፣ ሼክ ኑር ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፤ ለአገሬ ልጆች ደግሞ በርበሬና ሽሮ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ግን ስልክ የምትፈራ ሴት አድርጋችሁ እንዳታስቡኝ። እዚህ ከተማ ስልክ ፈርቶ የሚኖር የለም። አንዲት ኩባያ ሻይ ጠጥታችሁ በስልክ ትከፍላላችሁ። ውሃ በአህያ የሚያመላልሰው ሰውዬ ቁጥሩን ይነግራችኋል። መስጊድ በር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ ሳይቀሩ ቁጥራቸውን ካርቶን ላይ አስጽፈው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። አላህ ይቀበለኝና፣ ሰደቃዬን በስልክ ልኬላቸው አውቃለሁ። ስለዚህ ጠቤ ከስልክ ጋር አይደለም።

ዕቃ የማመጣው ከሐጂ ዩሱፍ መጋዘን ነው። ሐጂ የዚህ አገር ሰው ናቸው፤ ከተማዋ በጦርነት በፈረሰች ጊዜ ተሰደው ጅጅጋ ኖረዋል። አማርኛቸው እንደነገሩ ነው፤ ሲቆጡ ግን ከኔም ይበልጣሉ። ከስደት ሲመለሱ ያገኙት ጥይት የበሳሳው፣ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ነበር። ሸራ ወጠሩበትና ስኳር መሸጥ ጀመሩ። ስኳሩን ማን ሰጣቸው? በርበራ ወደብ ያለ አንድ ነጋዴ። በምን? ፊታቸውን አይቶ። ያኔ ባንክ የለ፣ ውል የለ። ይህ ከተማ በሙሉ የቆመው እንዲያ ነው። አንዱ የሌላውን ፊት አይቶ «እሺ» እያለ።

እኔም ስመጣ ሐጂ ፊቴን አዩኝ። ከየት ነሽ አሉኝ። ከወሎ አልኳቸው። ምን ያህል ዱቄት ይበቃሻል አሉኝ። በቃ፣ ደንበኛ ሆንን። ስገዛ ጆንያው ይፈታል፤ ዱቄቱን በእጄ አሻለሁ። ካልወደድኩት «ሐጂ፣ ይሄ አይሆነኝም» እላለሁ። ወይ ይቀይሩልኛል፣ ወይ «አርፈሽ ይሄንኑ ውሰጂ» ይሉኛል። እምቢታቸውም አያስከፋም ነበር። ዓይኔን እያዩ ነዋ እምቢ የሚሉኝ! ትንሽ አኮርፍና እመለሳለሁ።

በኋላ ሐጂን ጉልበታቸው አሟቸው ቤት ዋሉ። ልጃቸው ሊባን ከእንግሊዝ አገር መጣ። ያ ግድግዳ መስታወት ሆነ። ሊባን ክፉ ልጅ አይደለም። «ኤዶ» ይለኛል፤ አክስቴ ማለቱ ነው። ባለሱቆቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ ጁስ አጠጥቶ፣ ከእንግዲህ በእግር መምጣት ቀረላችሁ አለን። አዲስ ሲስተም ገብቷል፣ በስልካችሁ ታዛላችሁ፣ መኪናው በራችሁ ድረስ ያመጣላችኋል። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ? በዚያ ፀሐይ ሱቅ ዘግቶ መሃል ከተማ መመላለስ ቀላል ነው እንዴ?

መጀመሪያ ሰሞን ጥሩ ነበር። ከዚያ ትንንሽ ነገር መምጣት ጀመረ። የልብስ ሳሙና ሳዝዝ የገላ ይመጣል። የዱቄት ወተት ሳዝዝ የቆርቆሮ ይመጣል። ስጠይቅ «ያዘዝሽው ስላለቀ ሲስተሙ ተመሳሳዩን መርጦልሽ ነው» ይሉኛል። መርጦልሽ! እናቴ እንኳን ባል ስትመርጥልኝ አንዴ ጠይቃኛለች።

ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት የአሻን ነው።

አሻ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ዳሚ ሰፈር ነው የምትኖረው፣ ከልጆቿ ጋር። ባሏ በየመን አድርጌ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ዓመቱን ሙሉ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። በረመዳን ግን የራሷ እመቤት ናት። ከአስር ሶላት በኋላ ከመስጊዱ ማዶ ምድጃዋን አስቀምጣ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። የቤት ኪራይዋም፣ የልጆቿ ትምህርት ቤትም ከዚያች ምድጃ ነው የሚወጣው። ቦታው ደግሞ የማንም አይደለም፤ የተቀመጠበት ሰው ነው። ዛሬ ከቀራችሁ ነገ የሌላ ሴት ምድጃ ታገኙበታላችሁ። ማንንም አትከሱም፣ ልማዱ ነው። እሷም ያገኘችው እንደዚያው ነው።

ያን ቀን፣ ረመዳን ገና እንደገባ፣ መኪናው የሳምቡሳ ዱቄቴን ይዞ መጣ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋና ስልኬን በአገጩ አሳየኝ።

«ኤዶ፣ ተረክቤያለሁ የሚለውን ንኪ።»

«መች ወረደና?»

«መጀመሪያ ንኪ፣ ከዚያ ይወርዳል። ካልነካሽ ሲስተሙ አውርድ አይለኝም።»

«ሳልረከብ ተረከብኩ ልበል? በጾሜ?»

«ኧረ ኤዶ፣ ውሸት አይደለም» አለኝ፤ «ሲስተም ነው።»

እስቲ ፍረዱኝ። ውሸት አይደለም፣ ሲስተም ነው! ይህን የቂያማ ዕለት፣ ፍርድ ላይ ማን ይቀበለኛል? ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሹፌሩም ጾመኛ ነው፣ አዘንኩለት። አስተግፊሩላህ ብዬ ነካሁት። ጆንያዎቹ ወረዱ። ነጭ ጆንያ፣ የስንዴ ዘለላ የተሳለበት፣ መልኩ ያው የድሮው። አሻ መጥታ የድርሻዋን ገዝታ ወሰደች።

ለካ የኬክ ዱቄት ኖሯል! ሊጡን ኩፍ የሚያደርገው ነገር አብሮ የተቀላቀለበት።

ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ሲገባ እንደ ፊኛ ተነፋ። ገሚሱ ፈነዳና ሥጋው ዘይቱ ውስጥ ተበተነ። የተረፈው ድቡልቡል ሆኖ ወጣ። ሰው ደግሞ መግሪብ ሲቃረብ ታውቁታላችሁ፤ ሆዱ ባዶ፣ ምላሱ ስለት። አንዱ ጎረምሳ «አሻ፣ ይሄ ኳስ ነው፤ ግጥሚያው ከማን ጋር ነው?» አላት። አንዲት ወፍራም ሴትዮ አንዱን አንስታ፣ ዞር ዞር አድርጋ አየችውና «ስንተኛ ወሯ ነው?» ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ሰው ሁሉ ስቆ ሲያበቃ እማዶ ካለችው ሴት ገዛ።

ይህን ስሰማ እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር። አሻ ግን አልሳቀችም። ካፈጠርን በኋላ ያንን ድቡልቡል በሳህን ይዛ መጥታ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠችው።

«የሰሚራ እናት፣ ምን አድርጌሽ ነው?» አለችኝ።

ርካሹን በጥሩው ዋጋ የሰጠኋት መስሏታል። ምን ልበላት? ሲስተም ነው ልበላት? ሹፌሩ ለኔ እንዳለኝ?

ሌላ ቦታ አትገዢላትም ትሉኝ ይሆናል። የምገዛበት ገንዘብ እኮ ጆንያዎቹ ውስጥ ነው ያለው።

በረመዳን ቢሮው ከፍጥር በኋላም ይሠራል። ደወልኩ። ስልክ የምታነሳው ሁዳ የምትባል ሴት ናት፣ ድምጿ ማር።

«ኤዶ፣ ሲስተሙ ዱቄት ነው ይላል።»

«ዱቄትማ ነው። የሳምቡሳ አይደለም እንጂ።»

«ካታጎሪው አንድ ነው።»

«እንግዲያው ካታጎሪው መጥቶ ይጥበሰው!»

«ደግሞ ተረክቤያለሁ ብለሻል፣ ኤዶ። እዚህ ይታየኛል።»

አያችሁልኝ? በጾሜ ያስዋሸኝ እሱ፣ በውሸቴ የሚመሰክርብኝም እሱ! መመለስ ከፈለግሽ ምክንያት ምረጪ አለችኝ። ተሰብሯል፤ ጊዜው አልፎበታል፤ ጎድሏል። ከነዚህ ውጪ ሲስተሙ አያውቅም። ዱቄት ይሰበራል? ሳምቡሳው ፈንድቷል የሚል የለውም? የለውም። ሊባንን አገናኚኝ አልኳት። በሲስተሙ ጻፊለት አለችኝ። በጣም አዝናለሁም አለችኝ።

ለሐጂ ቤታቸው ደወልኩ። ሁሉን ነገርኳቸው።

«እህቴ፣ ወላሂ እኔም ለቤቴ ሩዝ ላዝዝ ብዬ ፓስዎርድ አስገባ ይለኛል። ከየት ላምጣው? ከገዛ መጋዘኔ የገዛ ሩዜን ከለከለኝ።»

ደሜ ፈላ። ያንን ግድግዳ ከጥይት ቀዳዳው ጋር ያነሱት ሰውዬ፣ በገዛ በራቸው ላይ ማነህ ተባሉ! ሸራ ወጥረው በነበረ ጊዜ ቢያጠፉ «ሐጂ አጠፉ» እንል ነበር። ተጣልተንም እንታረቅ ነበር። አሁን ከማን ጋር ልጣላ? ሹፌሩ ያዝንልኛል። ሁዳ ታዝንልኛለች። ሐጂ ያዝኑልኛል። ከተማው በሙሉ አዛኝ ሆነ! የበደለ ሰው ጠፋ፤ በደሉ ግን ይኸው በሳህን ባንኮኒዬ ላይ ተቀምጧል።

ሶማሊኛውን ፊደል እየለቀምኩ ለዚያ ሲስተም ጻፍኩለት። ነገ ከአስር ሶላት በፊት ዱቄቱ ካልተቀየረ አሻ ቦታዋን ታጣለች፣ ልጆች አሏት፣ አላህን ፍሩ አልኩት። ሰሚራ ያንን ጥያቄዋን የጠየቀችኝ ይሄኔ ነው፣ ስጽፍ እያየችኝ። መልሱ ወዲያው መጣ። እንዲህ ይላል፦ ውድ ደንበኛችን፣ ጥያቄዎ ደርሶናል፤ እባክዎ በትዕግስት ይጠብቁ።

ትዕግስት! ለኔ! ባሌን ቀብሬ፣ ሴት ልጄን አዝዬ ድንበር ተሻግሬ፣ ሰው አገር ሱቅ ላቆምኩት ለኔ ሰብር ሊያስተምረኝ! ሰብር ማለት አላህ ያመጣውን መቻል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሊባን ያመጣውን መቻል ነው ያለ ሼክ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

በማግስቱ ሱብሂን ሰግጄ፣ ሰሚራን ለጎረቤት ሰጠሁና ጆንያዎቹን በአህያ ጋሪ አስጫንኩ። አሻን ከዳሚ ይዣት ሄድኩ። ታሪኩን መንገድ ላይ ነገርኳት። አመነችኝ አላመነችኝም አላውቅም፤ ብቻ መጣች። መጋዘኑ ስንደርስ ዕቃ የጫኑት መኪኖች ሊወጡ ተሰልፈዋል። ጆንያዎቹን ከበሩ መሃል ለመሃል አስወረድኩ። አንዱ ላይ እኔ፣ አንዱ ላይ አሻ፣ ተቀመጥን።

ዘበኛው እየሮጠ መጣ። «ኤዶ፣ ተነሺ እንጂ! መኪና ሊወጣ ነው!»

«በትዕግስት ጠብቂ ብለውኛል፤ እየጠበቅኩ ነው።»

«ቤትሽ ሆነሽ ጠብቂያ!»

«የት ሆነሽ አላሉኝም።»

ሁዳ ወጣች። ድምጿ ትልቅ አስመስሏት ነው እንጂ ለካ ገና ልጅ ናት፤ አየችንና ተመልሳ ገባች። ቀጥሎ ሊባን ራሱ ስልኩን እየነካካ መጣ።

«ኤዶ፣ ሲስተሙ ላይ እስኪስተካከል...»

«ሲስተሙን ተወው፣ ልጄ። አንተ በለኝ። ይህችን ሴት እያየህ፣ ዱቄቱ አይቀየርልሽም በለኝ፣ በአፍህ። ቢስሚላህ ብዬ እነሳለሁ።»

እኔን አየኝ። አሻን አየ። የሐጂ ልጅ ነው፣ ምን ያድርግ፤ እምቢታው አልወጣ አለው። ስልኩን ኪሱ ከተተና ወዛደሮቹን ተጣራ። የሳምቡሳው ዱቄት በሰው ትከሻ መጣ።

«በይ ኤዶ፣ ተረክቤያለሁ የሚለውን ንኪልኝና መኪኖቹን እናሳልፍ» አለኝ።

«መጀመሪያ ልረከብ» አልኩት።

አሻ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ የመጀመሪያውን ጆንያ ፈታች። ጭብጥ ወሰደች፣ በውሃ ለወሰች፣ መዳፏ ላይ ዘርግታ ወደ ፀሐዩ ያዘችው፣ ጎተተችው። ቀጥላ ሁለተኛውን ፈታች። የቸኮለች አትመስልም። ከኋላ ሹፌሮቹ ጡሩምባቸውን አቀለጡት፤ አንዱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ኤዶ፣ በአላህ!» እያለ ይጮኻል።

ዞር ብዬ፣ በትሕትና፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ መለስኩለት። «ውድ ደንበኛችን፣ ጥያቄዎ ደርሶናል፤ እባክዎ በትዕግስት ይጠብቁ።»