ለእኔ ገና ማክሰኞ ነው

(ደብረ ታቦር፣ በጣሊያን ጊዜ። ሙላቴ የጣሊያኑ ሻለቃ አስተርጓሚ ነው፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የቆርቆሮ ሥጋ በጩቤ እየወጋ ይበላል። ጎረቤቱ ማሬ ገበሬ ነው፤ በሬዎቹን ነድቶ ሲያልፍ ይህን አየና ክው ብሎ ቀረ።)

ማሬ፦ ኧረ አንቱ! ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!

ሙላቴ፦ ለአንተ ነዋ! ለእኔ ገና ማክሰኞ ነው።

ማሬ፦ ፀሐይዋ እርስዎ ደጅ ዘግይታ ነው የምትወጣው?

ሙላቴ፦ ሥልጣኔ ስላልገባህ ነው። አንድ እውነት የሚባል ነገር የለም። ሻለቃው ሽፍታ ይላል፣ አንተ አርበኛ ትላለህ፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሁሉም የየራሱ እውነት አለው።

ማሬ፦ የእኔን አይቼው አላውቅም። የት ነው የተቀመጠ?

ሙላቴ፦ ልብህ ውስጥ!

ማሬ፦ እኔ የማውቀው እውነት ክርስቶስ ነው። እሱን ደግሞ እንደ ቅርጫ ሥጋ ለየቤቱ አይመድቡትም።

ሙላቴ፦ አይ ድንጋይ ራስ!

(የሻለቃው ዘበኛ መጣ። ለሙላቴ ወረቀት ሰጥቶ፣ ጠመንጃውን ተደግፎ ይጠብቀው ጀመር። ሙላቴ ሲያነብ ጩቤውን ጥሎ ብድግ አለ።)

ማሬ፦ ምነው? ምን አገኘዎት?

ሙላቴ፦ «ሰኞ ዕለት ሐሙሲት ከተማ ላይ ለሽፍቶች ጥይት ሲያቀብል አይቼዋለሁ» ብሎ አንዱ መሰከረብኝ! ሊሰቅሉኝ ነው!

ማሬ፦ እንግዲህ የሰውየው እውነት ይሆናላ።

ሙላቴ፦ ውሸት ነው! ሐሙሲትን ከረገጥኩ ዓመት አልፎኛል!

ማሬ፦ እሱ ለእርስዎ ነዋ።

ሙላቴ፦ በማርያም ይዤሃለሁ፣ ማሬ! ሰኞ የት እንደዋልኩ ታውቃለህ። ናና እውነቱን መስክርልኝ!

ማሬ፦ የትኛውን?

ሙላቴ፦ የሆነውን ነዋ! እውነት አንድ ነው! ይኸው አልኩልህ፣ አንድ ነው!

ማሬ፦ እንዲያ ከሆነ እሺ። ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ። ሰኞ ዕለት «አርበኞች መጡ» ሲባል እኔ ቤት ሮጠው ገቡ...

ሙላቴ፦ ጎሽ!

ማሬ፦ ልብስዎን አውልቀው የሚስቴን የፈንታነሽን ቀሚስ ለበሱ። ከዚያ ጎተራ ውስጥ ገብተው እስኪመሽ ሲያለቅሱ ዋሉ።

ሙላቴ፦ (ዘበኛውን በዓይኑ ጥግ እያየ፣ በሹክሹክታ) ማሬ... ቀሚሱን እንኳ ብትተወው?

ማሬ፦ ቀሚሱን ከተውኩትማ፣ ጌታው፣ በፈንታነሽ ጎተራ ውስጥ ራቁትዎን ዋሉ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሻለቃው ቢምርዎት እንኳ እኔ እሰቅልዎታለሁ!