የጠገበ ሰው ድምፅ

አዲስ ተማሪ ሆይ፣ የትኛውም ቅኔ ቤት ብትገባ ከየኔታ በፊት የሚቀበልህ መካሪ ነው። ማን ሾመው? ራሱ። ጣልያን ቡሬን በያዘ ዘመን እኔን የተቀበለኝ አያ ላቀው ይባላል። ከሱ ኋላ የመጡት ተምረው ሲሄዱ እሱ ገና ከቅኔ መጀመሪያው፣ ከጉባኤ ቃና፣ አላለፈም ነበር።

«ልመናም ትምህርት ነው» ይለኝና ከቅኔ ቤቱ ዋርካ ሥር አቁሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ያስብለኛል። ስጨርስ ፊቱን ያጠቁራል። «ይሄ የጠገበ ሰው ድምፅ ነው። ድገም።» ቅኔ ፍለጋ መጥቼ ልመና ስማር ከረምሁ እያልሁ በሆዴ ስንቴ ረገምሁት።

አንድ ቀን ቁራሽ ልለምን ወደ መንደር ስወርድ የጣልያን ኬላ ላይ አንድ ባንዳ ያዘኝ።

«የአርበኛ መልክተኛ ነህ» አለ፣ ጠመንጃውን እያቀባበለ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ተማሪ ነኝ።»

«ማን ይመሰክርልሃል?»

እውነትስ ማን ይመሰክርልኛል? አፌ የለመደውን አለ፤ «በእንተ ስማ ለማርያም»። ወዲያው ከአጠገባችን ካለው ቤት አንዲት እናት ብቅ አሉና፣ ጠመንጃውን ከመጤፍ ሳይቆጥሩ፣ «እንካ ተሜ» ብለው ቁራሽ ዘረጉልኝ። ባንዳውስ? እጁ ሳያስበው ወደ ስልቻው ገብቶ ዳቦ ይዞ ወጣ። ለካ በናቱ ደጅም ተማሪ ይቆም ኖሯል።

ዛሬም እንጀራ ስቆርስ አያ ላቀውን ሳላመሰግን አልጎርስም። ያን ቀን እግሩ ላይ ወድቄ ሁሉን ስነግረው፣ ዳቦውን ገምሶ ትልቁን ለኔ ሰጠኝ።

«እስኪ እንዴት ብለህ ነው ያልኸው?» አለኝ።

እየጎረስሁ አልሁለት። ፊቱን አጠቆረ።

«አሁን ደግሞ ጠገብህ። ድገም።»