የታሸገው ሊጥ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ መንገድ ላይ ያለችውን ከተማ ስሟን አንጠራም፤ ሰው በጥበቡ ብዛት ማፈር የለበትምና። በዚች ከተማ እሳት ከእንግዲህ ያለ ፈቃድ እንዳይነሣ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል መፈክር ተሰቀለ፤ በሰብሳቢው በአቶ ላቀው የሚመራ የፍተሻ ኮሚቴም አንዲት ገጽ ቅጽ ይዞ ዘመተ።

ረፋድ ላይ የተፈተሸችው ባለ ዳቦ ቤቷ ደጊቱ ለነገው የጎረቤቷ የእጅጉ ልጅ ሠርግ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ አቡክታለች። አራት ቡሃቃ ሊጥ ፀሐይ እንዲያገኘው በሩ ሥር ተደርድሯል።

«እሳት ማጥፊያዎ የታለ?» አሉ አቶ ላቀው።

ደጊቱ በኩራት በርሜሏን አሳየች፤ እስከ አፉ ውሃ፣ ከጎኑ አሸዋና እርጥብ ጆንያ። ቧንቧ ከነጠፈ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ በከተማዋ ሙሉ በርሜል ያለው እሷ ዘንድ ብቻ ነበር።

«ቅጹ የሚለው ቀይ ሲሊንደር ነው።»

«ውሃ እሳት አያጠፋም እንዴ ጌታው?»

«ያጠፋ ይሆናል። በቅጹ ግን አልሰፈረም።»

«የባለ ሆቴሉ የሐብቴ ሲሊንደር እኮ ባዶ ነው! በር ነው የሚያስደግፍበት!»

«ቀይ ነው አይደል? ቅጹ ስለ ሆዱ አይጠይቅም።»

ፍትሕ ተፈጸመ። ደጊቱ ወደ ውጭ ወጣች፣ ሊጡም በርሜሉም ውስጥ ቀሩ፣ በሁለቱ የበር መዝጊያዎች መጋጠሚያ ላይ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጠፈ።

«ሊጤስ? የሰው ሠርግ እኮ ነው!»

«እስከሚቀጥለው ስብሰባ ይታገሥ።»

ሊጥ ግን ስብሰባ አያውቅም። ደጊቱ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ነገ ሙሽሮቹን በምን ዓይኗ እንደምታያቸው እያሰበች አለቀሰች።

ስምንት ሰዓት ላይ ከኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ጭስ ተነሣ። ኮሚቴው ስለ ድካሙ ሻይ ሊያፈላባት የሰካት የኤሌክትሪክ ምድጃ ከተከመሩት ቅጾች አጠገብ ተረስታ ኖሯል። የጽሕፈት ቤቱ ቀይ ሲሊንደር ደግሞ እንዳይሰረቅ ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል፤ ቁልፍ ያዡ ዳኘው ቁልፉን በኪሱ ይዞ ግሽ ዓባይ ጠበል ሄዷል።

አቶ ላቀው ወደ ዳቦ ቤቱ በረሩ።

«እትዬ ደጊቱ፣ በርሜልዎን!»

«በሉ ወረቀቱን ይቅደዱልኛ።»

«እሽግ የሚነሣው በደብዳቤ ነው!»

«ደብዳቤውን ይጻፉዋ!»

«ማኅተሙ ያለው እሳቱ ውስጥ ነው!»

«እንግዲያው እኔ ልቅደደው?»

«ያሳስርዎታል!»

በዚህ ጊዜ አስቸኳይ ስብሰባ እዚያው በሩ ላይ ተጠራ። ምልዓተ ጉባኤው ተቆጥሮ አጀንዳው ሲነበብ፣ ከበሩ ስንጥቅ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ሊጡ ነበር። ቡሃቃውን ሞልቶ፣ ገንፍሎ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ በመጋጠሚያው ወጣ፤ ወረቀቱንም አርሶ ከነክብ ማኅተሙ ቀስ አድርጎ ላጠው። አቶ ላቀው ቅጹን አገላብጠው አዩ። በሊጥ ላይ የተደነገገ ቅጣት የለም።

«በሩ በራሱ ጊዜ ተከፍቷል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይያዝ!» አሉ።

ሰፈሩ ባልዲ ይዞ ተንጋጋ፤ የደጊቱ በርሜል ተሟጠጠ፤ ጽሕፈት ቤቱም ግማሽ ጎኑ ተረፈ። ደጊቱ የተረፈውን ሊጥ እዚያው ጋገረችና የሠርጉ ዳቦ ደረሰ። እንዴት ደስ ይላል!

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ከስሕተቱ የሚማር መሆኑን አስመሰከረ። አዲስ ቅጽ ወጣ፤ ተራ ቁጥር አንድ «በውሃ የተሞላ በርሜል» ይላል። የመጀመሪያዋ ተፈታሽም ደጊቱ ሆነች። አቶ ላቀው በርሜሉ ላይ አጎነበሱ።

«ባዶ ነው።»

«ውሃው እርስዎ ቢሮ ላይ ነዋ የፈሰሰው! ቧንቧውም አልመጣ!»

«ቅጹ ውሃው የት እንደሄደ አይጠይቅም።»

ሙጫው ተቀባ፣ ወረቀቱ ተለጠፈ፣ ጠርዙ በእሳት የተለበለበው ማኅተም አረፈበት። ደጊቱ ዛሬ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ በአክብሮት እጅ ነሣች።

«ደግ አደረጉ፣ አቶ ላቀው። ብቻ ያቺን ምድጃዎን አደራ፤ ዛሬ ሊጥ አላቦካሁም።»