ወይን ተፊው አማች

[ከቡታጅራ ከፍ ብሎ፣ ጉም በሚያርፍበት ዳገት፣ የጋሽ ዘርጋ እልፍኝ። ታምሩ የወልቂጤ ሆቴል አስተናጋጅ ነው፤ የጋሽ ዘርጋን ልጅ፣ ሕይወትን ማግባት ይፈልጋል። ዑራኤል አጃቢው ነው። ገበታው ላይ ክትፎ፣ አይብ፣ ቆጮና የጋሽ ዘርጋ የመጀመሪያ ቀይ ወይን ቀርቧል። ጋሽ ዘርጋ ቀድተውላቸው ወጥተዋል።]

ታምሩ፦ [ብርጭቆውን እያሽከረከረ ያንጎራጉራል] «ዳገት ላይ ያፈራሽ የወይን ዘለላ፣ አንቺን ብዬ ስወጣ...» ቀጥሎ ምን ነበር? ላላ ላላ ላላ...

ዑራኤል፦ የረሳኸውን ሁሉ በላላ ትደፍናለህ። ክትፎው ቀዘቀዘ እኮ!

ታምሩ፦ እንዳትነካ! እህል ከቀመስኩ ምላሴ ይደነዝዛል። ጋሽ ዘርጋ «ወይኔን ቅመስና ስለ ልጄ እንነጋገራለን» ብለዋል። ዛሬ ካበላሸሁ ሕይወት የለችም።

ዑራኤል፦ ታዲያ ቅመሰዋ! እኔ ካንተ ቀድሜ እጄን አልሰድ።

ታምሩ፦ ወይን ዝም ተብሎ አይጠጣም። መጀመሪያ አየር አግኝቶ ይተንፍስ።

ዑራኤል፦ እሱ እስኪተነፍስ የእኔ ትንፋሽ ሊወጣ ነው!

ታምሩ፦ [አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ ቀብሮ] እንጆሪ... የዝናብ ማግስት አፈር... የቆየ ቆዳ...

ዑራኤል፦ ቆዳ? ሰውዬው ወይኑን ሲጨምቁ በጫማቸው ነው እንዴ የረገጡት?

ታምሩ፦ መዓዛውን ነው የምልህ! ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ ያሳደገው... የደጋ ወይን እንደ ኩሩ ልጃገረድ ነው፤ ቶሎ አይስቅም፤ የሳቀ ዕለት ግን...

ዑራኤል፦ እኔ ቶሎ እስቃለሁ፤ ብቻ አብላኝ።

ታምሩ፦ [ይጎነጫል፤ ጉንጩን ሞልቶ ይጉመጠመጥበታል፤ በመስኮቱ ይተፋል]

ዑራኤል፦ ኧረ በማርያም! መረረህ?

ታምሩ፦ ግሩም ነው!

ዑራኤል፦ ግሩሙን የተፋህ፣ መራራውን ምን ልታደርገው ነው?

ታምሩ፦ አዋቂ ቀማሽ አይውጥም። በስልኬ ያየኋቸው ፈረንጆች ሁሉ ይተፋሉ።

ዑራኤል፦ ፈረንጆቹ የቀመሱት የአማታቸውን ወይን ነው? [በመስኮቱ ያጮልቃል፤ እጁን በራሱ ይጭናል] ጠፋን! ጋሽ ዘርጋ አዩህ!

ታምሩ፦ [ብርጭቆው ሊያመልጠው] ስተፋ?

ዑራኤል፦ ፊታቸው ጠቁሯል። ቆይ፣ ላነጋግራቸው። [ይወጣል፤ ወዲያው ይመለሳል] ተርፈሃል! ሽማግሌ ሲመርቅ «እትፍ እትፍ» ይል የለ? «ወይንዎን እየመረቀ ነው» አልኳቸው።

ታምሩ፦ እኔ ሽማግሌ ነኝ እንዴ?

ዑራኤል፦ እሳቸውም ገርሟቸዋል። «ምርቃት ከሆነማ ተክሌን ሁሉ ይመርቅልኝ፤ አንድ ግንድ እንዳይቀር» አሉ።

ታምሩ፦ ዳገቱን ሙሉ?

ዑራኤል፦ ለሕይወት ሲባል ዳገት ምኑ ነው? ሂድ፤ ወይኑ ሲተነፍስ እኔ እጠብቀዋለሁ።

[ታምሩ ይሮጣል። ዑራኤል እጁን ታጥቦ ክትፎውን በቆጮ መጠቅለል ይጀምራል። ከውጭ «እትፍ! ይባረክ! እትፍ! ይብዛ!» ይሰማል፤ ድምፁ እየራቀ፣ እየደረቀ ይሄዳል።]

ታምሩ፦ [ተመልሶ፣ ምላሱ ላንቃው ላይ ተጣብቆ] ው... ውሃ...

ዑራኤል፦ ውሃ የለም። ወይን አለ።

ታምሩ፦ [ጭልጥ አድርጎ ይጠጣል] ኧረ... ይጣፍጣል!

ዑራኤል፦ እንጆሪውስ? ቆዳውስ?

ታምሩ፦ ተወኝ፣ ይጣፍጣል! ስማ፣ ጋሽ ዘርጋን ላይኛው ጫፍ ላይ አገኘኋቸው። «እንዳዘዙኝ እየመረቅሁ ነው» ብላቸው «ማን አዘዘህ?» አሉኝ። ከወጡ ወዲህ ወደ ቤቱ ዞር አላሉም!

ዑራኤል፦ [ጣሪያ ጣሪያውን እያየ] አይ፣ የእኔ ዓይን ነገር...

ታምሩ፦ ከዚያማ ሳቁ፤ ስቀው ስቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንሰት ነቅዬ ወይን ስተክል አገሩ ሁሉ ሳቀብኝ። የመረቀልኝ አንተ ብቻ ነህ። ሽማግሌ ላክ!» አሉኝ።

ዑራኤል፦ እልል! አየህ፣ የእኔ ተንኮል ዳረህ።

ታምሩ፦ ዳረኝ! አሁንማ ልብላ። [ይቀመጣል፤ እጁን ይሰዳል፤ ጣባውን ዘቅዝቆ ያያል] ዑራኤል... ክትፎውስ?

ዑራኤል፦ [ከንፈሩን እየጠረገ] የረሳኸው ስንኝ ትዝ አለኝ፦ «ዳገት ላይ ያፈራሽ የወይን ዘለላ፣ አንቺን ብዬ ስወጣ ጓዴ ክትፎ በላ!»

[ታምሩ ይስቃል። ደረቅ ቆጮ ቆርሶ፣ በወይን እያወራረደ፣ አንዲትም ሳይተፋ ይበላል።]