የሳልህ ምስክር

በደረሰበት ሁሉ «አንተ የየት አገር ሰው ነህ?» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? ነቀምቴ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ አለቃዬ እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ከሸዋ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ሆኖም ማን የአገር ልጅ እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ የአገሬው ሰው እንኳ እሳቸው ፊት ሲቀርብ መወለዱን ይጠራጠር ነበር።

አንድ ቀን ሳልህ የሚባል የመናዊ ባለሱቅ ዜግነት ሊጠይቅ መጣ። ለከተማችን ጨውና አቡጀዲ ሲሸጥ ያረጀ ሰው ነው።

አለቃዬ ሕጉን ገልጠው፣ «አማርኛ አጥርቶ የማይናገር ዜጋ አይሆንም። የአገር ተወላጅ የሆነ ምስክርም አምጣ» አሉት።

ሳልህ ከአርጆ ኦቦ ዋቅጅራ የሚባሉ ሽማግሌ አመጣ። ሽማግሌው ግን አማርኛ አያውቁም። አስተርጓሚያችን ደግሞ ለቅሶ ሄዷል። ታዲያ ምን ይደረግ? ሳልህ ራሱ በኦሮምኛ እየጠየቀ፣ መልሱን በጠራ አማርኛ እየነገረን ስለ ራሱ አስመሰከረ።

«አባታቸው የሞቱ ጊዜ ሱቄን ዘግቼ ሦስት ቀን አብሬያቸው ተቀምጫለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የጎሳችን ልጅ ነህ ይሉኛል።»

«ጎሳ ሌላ፣ ዜግነት ሌላ» አሉ አለቃዬ። «ዜግነት በሕግ ነው። ሕጉ ደግሞ አማርኛ ይላል። ንገራቸው።»

ሳልህ ነገራቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ቀስ ብለው መለሱ። ሳልህ አንገቱን ደፋ።

«ምን አሉ?»

«እንዲያ ከሆነ የእሳቸውም ማመልከቻ አብሮ ይጻፍ ይላሉ።»

አለቃዬ ዞረው እኔን አዩኝ። እኔም ጸሐፊ ነኝና አዲስ ወረቀት አወጣሁ።