ቅቤ የጠጣው ላንድሮቨር

ቅቤ ብረት አያበራም የምትሉኝ ሰዎች፣ ለመሆኑ እናንተ ከበቅሎ ኮርቻ በላይ ምን ጠርጋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የአጎቴን ላንድሮቨር ቅዳሜ ቅዳሜ ሳጥብ የቢቸና ግማሹ ቆሞ ያያል። ውስጡን በአሪቲ አሸዋለሁ፤ ጎማውን በጥርስ መፋቂያዬ ነው የምፈትገው። ከእኔ በቀር ይህን ማን ያደርጋል?

ወንድሜ ሙሽራዋን ከሞጣ በዚሁ መኪና ሊያመጣ ሆነ። በሰፈራችን ሙሽራ በመኪና ያመጣ የመጀመሪያው ሰው ሊሆን ነዋ! እኔም መኪናውን ከጣሪያው እስከ ጎማው ቅቤ ቀባሁት። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን አያስገልጥም ነበር። የመንገዱን አቧራ ማን አሰበው? ሞጣ ስንደርስ የሙሽራዋ እናት መኪናውን ዞረው አዩና፣ "ልጄን በጎተራ አልሰድም" አሉ።

"እማማ፣ አቧራ እኮ ነው" አልኳቸው።

"አቧራማ ይራገፋል። ይኼ ተለስኗል።"

ልጅቷ በነጭ ቀሚሷ በቅሎ ላይ ወጣች። እኛም በመኪናው ከበቅሎዋ ኋላ እየተንፏቀቅን በሁለት ቀናችን ቢቸና ገባን። ወንድሜ እስካሁን አያናግረኝም። ግን እናትየው ያን ዕለት የመኪናውን በር በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው ፊታቸውን አይተውበታል፤ ነጠላቸውንም አስተካክለውበታል። ካላመናችሁ የነበረ ሰው ጠይቁ፤ ሞጣ ሩቅ አይደለም።