የእትዬ አስካለ የመሐላ መጽሐፍ

እኛ ለአሮጌ መጽሐፍ ያለን ክብር፣ እንዲያው ሳስበው፣ ከማንበብ በቀር የማይጨምረው ነገር የለም። እንሳለመዋለን፣ በነጭ ጨርቅ እንጠቀልለዋለን፣ ልጆች እንዳይነኩት ቁምሳጥን አናት ላይ እናወጣዋለን። ቆዳ ለብሶ ገጹ ከወየበማ፣ "ምን ይላል?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደ ደፋር ይቆጠራል። እናንተም ቤት አንድ አይጠፋም፤ አትደብቁኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ካዛንቺስ ጎረቤቴ የሆኑት እትዬ አስካለ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አላቸው። አባታቸው ባምቢስ አካባቢ የአንድ ግሪካዊ ነጋዴ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ነጋዴው ወደ አገሩ ሲመለስ "በደንብ ያዘው፣ ውድ ነው" ብሎ ሰጣቸው። የነፍስ አባታቸው ገለጥ አድርገው ፊደሉን ቢያዩ "ጽርእ ነው፣ የግሪኮች ቋንቋ፤ ወንጌልም የተጻፈው በጽርእ ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ የታመመ ሲኖር ራስጌው ይቀመጣል፣ የተካሰሰ ይምልበታል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ፈተና በደረሰ ቁጥር ተሳልሜዋለሁ። አልፌያለሁም።

ጣጣው የመጣው በእናታቸው ተዝካር ነው። ድግሱ እዚህ ይሁን ወይስ ላንቻ፣ ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ ታዬ ቤት፣ በሚል ተጣሉና ሁለቱም እጃቸውን መጽሐፉ ላይ ጫኑ።

"ከእንግዲህ ከአንተ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ብቀመጥ!"

"እኔም ብቀመጥ!"

ሰባት ዓመት ሞላቸው። ቁጣው በዓመቱ በርዶ ነበር፤ መሐላው ግን ወይ ፍንክች። የነፍስ አባታቸው "አብራችሁ ኑና ልፍታችሁ" ቢሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ጣሪያ አለው ተባለ።

ባለፈው ጥር የልጃቸው የሰናይት ሠርግ ደረሰ። አባቷ በሕይወት የለም፤ መርቆ ሊሸኛት የሚገባው አጎቷ ነው። እትዬ አስካለ "ታዬ ሳይኖር ልጄን ልድር?" እያሉ ያለቅሱ ጀመር። አንድ ቀን ጎተት አድርገውኝ "ለመሆኑ ድንኳን ጣሪያ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። አንጀቴን በሉት።

በዚያው ሰሞን ቤት ለማጽዳት የመጣች ሂሩት የምትባል የሰናይት ጓደኛ መጽሐፉን ገለጠችው። ሥራዋ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጥንታዊ መጻሕፍትን መንከባከብ ነው። ፎቶ አንሥታ ግሪክኛ ለሚያነቡ መምህሯ ላከችና በማግስቱ እየሮጠች መጣች።

"እትዬ፣ ማለቴ... ኅትመት ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ የታተመ ነው! ሰብሳቢዎች ዕድሜ ልካቸውን የሚፈልጉት።"

"ወንጌል ነዋ!" አሉ እትዬ አስካለ።

"አይ... ኮሜዲ ነው። የጥንት ግሪኮች ቲያትር። ሽማግሌዎች ሲሰዳደቡ፣ በጣዖቶቻቸው ሲቀለድ... በቃ፣ ፈስም አለበት።"

እኔ ስንት ጊዜ እንደተሳለምኩት አስቤ ግንባሬን ዳበስኩ። የእትዬ አስካለ ፊት ግን ቀስ እያለ በራ።

"ታዲያ አልማልኩማ!" አሉና ስልካቸውን አነሡ።

ጋሽ ታዬ ሰዓት ሳይሞላ ከላንቻ ደረሱ። እህትና ወንድም በር ላይ ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኔም ደስ ብሎኝ አብሬ አለቀስኩ። ሰናይትም በአጎቷ ምርቃት ተዳረች። "መጽሐፉ ይሸጥ" ያለ አልጠፋም፤ እትዬ አስካለ ግን በጨርቁ ጠቅልለው ወደ ቁምሳጥኑ መለሱት።

ከሠርጉ በኋላ ደግሞ ቅልቅሉ ካዛንቺስ ይሁን ላንቻ በሚል እንደገና ተያያዙ። እትዬ አስካለ "ሁለተኛ ከአንተ ጋር..." ብለው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ዳዊት እጃቸውን ሲሰዱ፣ ጋሽ ታዬ ቀድመው ዳዊቱን ብብታቸው ሥር ሸጎጡና ኮሜዲውን ከቁምሳጥኑ አወረዱላቸው።

"መማልሽ ካልቀረ፣ እትዬ፣ በዚህ ማይ።"